የድመት ምስክርነት፤ ከአሞራ ገደል ዳርቻ እስከ ቆርቆሮው ምግብ

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ከሐይቅ ዳር የተቆረቆረችው የሐዋሳ ከተማ ከምትታወቅባቸው ስፍራዎች አንዱ አሞራ ገደል ነው። በዚህ ዳርቻ የዓሣ አጥማጆች ጀልባዎች ሌሊቱን የተያዘውን ዓሣ ጭነው በማለዳ ይደርሳሉ። የዓሣው ቅርፊት ይገፈፋል፤ ሆዱ ይጸዳል፤ ሥጋው ከአጥንቱ ይለያል። የሚተርፈውን ጭንቅላት፣ አጥንትና አንጀት የሚጠባበቁ ብዙ ናቸው። አባ ኮዳ የሚባሉት ግዙፍ አዕዋፍ በረጃጅም እግሮቻቸው ቆመው በሰው መካከል ሳይፈሩ ይጠብቃሉ። ድመት ደግሞ እንደ ልማዷ ከጥግ አድፍጣ የተጣለላትን ታሸትታለች፤ ከወደደችው ትበላለች፣ ካልወደደችውም ትታው ትሄዳለች።

በአንጻሩ በአዲስ አበባ ትላልቅ መደብሮች መደርደሪያ ላይ ከውጭ አገር የመጣ፣ የድመት ሥዕል የታተመበት ቆርቆሮና ከረጢት ይሸጣል። የሚገዛው ሰው ዛሬ ጥቂት ነው፤ ሆኖም ከተሞች በሰፉና የኑሮው ዘይቤ በተለወጠ መጠን ቁጥሩ መጨመሩ የሚጠበቅ ነው። በሁለቱ ምግቦች መካከል ያለው ዋና ልዩነት ግን የዋጋ ልዩነት አይደለም። የአሞራ ገደሏ ድመት የምትበላው ነገር ከየት እንደ መጣ በዙሪያዋ ያለ ሰው ሁሉ ያያል። የቆርቆሮው ምግብ ከምን እንደ ተሠራ የሚያውቀው ግን አምራቹ ብቻ ነው። በላተኛዋ አትናገርም፤ ገዢውም አይቀምስም።

ስለዚህ የድመት ምግብ ታሪክ ለላይኛው ሲታይ የቅንጦት ታሪክ ቢመስልም፣ በውስጡ ሲመረመር የአደራ ታሪክ ሆኖ ይገኛል። አደራው በተጓደለ ጊዜ መጀመሪያ የወደቀችው ድመቷ ናት። ምስክርነቷ ችላ በተባለበት ጊዜ ደግሞ ከእርሷ ቀጥሎ የወደቀው ሰው ነው። ይህም ነገሩን የእንስሳት ሐኪም ጉዳይ ብቻ ከመሆን አውጥቶ ፋብሪካ የሚያቅድ፣ የሚሠራና የሚቆጣጠር ባለሙያ ሁሉ ሊያስብበት የሚገባ ጉዳይ ያደርገዋል።

አመሏን የማትረሳ እንስሳ

«ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» የሚለው የአገራችን ምሳሌያዊ አነጋገር የተነገረው ስለ ሰው ጠባይ ነው። ይሁን እንጂ ስለ ድመት የሚናገረው ነገር በዘመናዊው የሥነ ምግብ ጥናት ቃል በቃል እውነት ሆኖ ተገኝቷል። የቤት ድመት ዘር ከዱር ድመት የመጣ ነው፤ ከሰው ጋር የተወዳጀችውም እህል በተከማቸበት ቦታ አይጥ ስለ በዛ እንደ ሆነ ይታመናል። በቆጵሮስ ደሴት ከ9,500 ዓመት ገደማ በፊት ከሰው ጎን የተቀበረ ድመት ዐፅም መገኘቱ እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ ሆኗል። በኢትዮጵያም ገበሬው ድመትን የሚያኖራት ጎተራውን እንድትጠብቅለት ነው። ከማዕድ የሚተርፈው ለምርቃት ያህል ይጣልላታል እንጂ ዋናው ቀለቧ አደኗ ነው። በጾም ወራት ቤተ ሰቡ ከሥጋና ከወተት ሲታቀብ፣ ድመቷ በራሷ ሕግ ወደ አደኗ ትሄዳለች።

ይህ ጠባይ በሰውነቷ አሠራር የተጻፈ ነው። ድመት በካሮት ውስጥ ካለው ቀለም ቪታሚን ኤን ማዘጋጀት አትችልም፤ ከሥጋ ተዘጋጅቶ ሊመጣላት ይገባል። ታውሪን የተባለውንም ንጥረ ነገር ለፍላጎቷ በሚበቃ መጠን አታመርትም። አርጂኒን የተባለው አሚኖ አሲድ ከምግቧ ከጎደለ በሰዓታት ውስጥ አሞኒያ በደሟ ይከማችና ትታመማለች። ጣፋጭ ነገርን እንኳ ለመለየት የሚያስችላት የጣዕም ተቀባይ እንደሌላት እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት አሳይቷል። እንግዲህ ድመትን እንጀራ በል፣ ገንፎ በል ለማድረግ የሚደረግ ሙከራ ሁሉ ከዚህ ተፈጥሮ ጋር ይጋጫል። የፋብሪካው ምግብ ፈተናም የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

ከፈረስ ሥጋ ጋሪ እስከ ፋብሪካ

ለድመት ተብሎ ምግብ መሸጥ የተጀመረው አይጥ ማደን ባልበቃበት ትልቅ ከተማ ነው። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት በሎንዶን ያረጁና የሞቱ ፈረሶች ሥጋ ተቀቅሎ፣ በሹል እንጨት እየተሰካ በጋሪ እየዞረ ለድመት ባለቤቶች ይሸጥ ነበር። ሻጩ በየደጃፉ ሲደርስ ድመቶች ድምፁን ለይተው ይወጡ ነበር ይባላል።

ወደ ፋብሪካ የተሸጋገረው ንግድ የተጀመረው ደግሞ በውሻ ምግብ ነው። ጄምስ ስፕራት የተባለ የመብረቅ መከላከያ ዘንግ ይሸጥ የነበረ አሜሪካዊ፣ እ.ኤ.አ. በ1860 ገደማ በሎንዶን ወደብ ውሾች ከመርከብ የተጣለ ደረቅ ብስኩት ሲበሉ አይቶ ከስንዴ፣ ከአታክልትና ከሥጋ የተጋገረ የውሻ ብስኩት ፈጠረ ይባላል። ድርጅቱ ኋላ ለድመትም ምግብ አቅርቧል። የሚያስገርመው ግን የሥጋው ምንጭ የአሜሪካ ሜዳ ጎሽ ነው ተብሎ በማስታወቂያ ቢነገርም፣ ስፕራት ዝርዝሩን በምስጢር መያዙ ነው። አዲሱ ንግድ ከልደቱ ጀምሮ «እመኑኝ» በሚል ቃል ላይ የቆመ ነበር ማለት ይቻላል።

እ.ኤ.አ. በ1922 በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት የፈረስ ሥጋ በቆርቆሮ ታሽጎ ለውሻ ይሸጥ ጀመር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በመኪናና በትራክተር ምክንያት ሥራ የፈታው ፈረስ ብዙ ስለ ነበር ጥሬ ዕቃው ርካሽ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቆርቆሮ ለውትድርና አገልግሎት በመፈለጉ አምራቾች ወደ ደረቅ ምግብ ፊታቸውን አዞሩ። ከጦርነቱም በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ፣ ለቁርስ የሚሆን የእህል ምግብ ይሠራበት የነበረው ማሽን ለእንስሳት ምግብ ዋለ። አሠራሩ ለመሐንዲስ ቀላል ነው። የተፈጨ እህልና የሥጋ ዱቄት በእንፋሎት ይለወስና በበርሜል ውስጥ በሚሽከረከር ጠመዝማዛ ዘንግ በኃይል ይገፋል። በግፊትና በሙቀት ከበሰለ በኋላ በትንንሽ ቀዳዳዎች ሲወጣ ግፊቱ በድንገት ስለሚቀንስ በውስጡ ያለው ውሃ ወደ እንፋሎት ተለውጦ ሊጡን ያሳብጠዋል። ከዚያም ተቆርጦ ይደርቃል፤ በላዩም ድመቷ እንድትወደው ስብ ይረጭበታል።

ይህ የመጨረሻው ተግባር ልብ ሊባል ይገባዋል። የአሞራ ገደሏ ድመት አሽትታ ምግቡን ትመረምራለች። በፋብሪካው ምግብ ግን ሽታው ራሱ በላዩ የተረጨ ነው። የምርመራ መሣሪያዋ ከእጇ ተወስዷልና ምርመራው የሰው ግዴታ ሆኗል።

ካለማወቅ የመጣ ጥፋት

ሰው ይህን ግዴታ እንዴት እንደ ተወጣው ሲመረመር ሁለት ዓይነት ጥፋት ተለይቶ ይታያል። አንደኛው ካለማወቅ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት በአንድ የቀበሮ እርባታ ጥሬ ዓሣ የተመገቡ ቀበሮዎች ሽባ ሆነው ይሞቱ ጀመር። ምክንያቱ ሲመረመር በአንዳንድ የዓሣ ዓይነቶች ሥጋና በተለይም አንጀት ውስጥ ቪታሚን ቢ1ን የሚያፈርስ ኤንዛይም መኖሩ ታወቀ። ድመትም ጥሬ ዓሣ ብቻ ስትመገብ ለዚሁ ሕመም ትጋለጣለች። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ዓሣውን ማብሰል ኤንዛይሙን ያጠፋዋል። ይሁን እንጂ ማብሰል ራሱ ከቪታሚኑ ከፊሉን ስለሚያጠፋ የፋብሪካ ምግብ አምራች የጠፋውን ለክቶ መመለስ አለበት።

ሁለተኛው ምሳሌ የታውሪን ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ተመራማሪዎች ታውሪን የጎደለው ምግብ የበሉ ድመቶች የዓይናቸው ብርሃን ተቀባይ ክፍል እየሟሸሸ እንደሚሄድ አሳወቁ። አምራቾች ይህን አውቀው እንደ ነበር ይታሰባል፤ ምግቦቻቸውም በዘመኑ የተቀመጠውን መለኪያ ያሟሉ ነበሩ። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1987 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የዴቪስ ቅርንጫፍ የሚሠሩ ሐኪሞች የልብ ጡንቻቸው የደከመ ድመቶችን ሲመረምሩ በደማቸው ውስጥ ያለው ታውሪን እጅግ ዝቅ ያለ ሆኖ አገኙት። ድመቶቹ ይመገቡ የነበረው «የተሟላ» ተብሎ የሚሸጥ ምግብ ነበር። ታውሪን ሲጨመርላቸው የብዙዎቹ ልብ አገገመ። በወረቀት ላይ የተሟላው ምግብ በድመቷ ሰውነት ውስጥ የተሟላ አልነበረም፤ በምግቡ ውስጥ መኖርና ለሰውነት መድረስ የተለያዩ ነገሮች ናቸውና። አምራቾች የታውሪኑን መጠን ከፍ አደረጉ፤ ሕመሙም በእጅጉ ቀነሰ። ይህ ጥፋት በዕውቀት ታርሟል፤ የታረመውም ሐኪሞቹ ያዩትን ሳይደብቁ ስላሳተሙት ነው።

እየታወቀ የተፈጸመ ጥፋት

ሁለተኛው ዓይነት ጥፋት ግን በዕውቀት አይታረምም፤ የተፈጸመው እየታወቀ ነውና። በጃፓን ኪዩሹ ደሴት በምትገኘው ሚናማታ ከተማ፣ ቺሶ የተባለው የኬሚካል ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1932 ጀምሮ በሜርኩሪ እየተጠቀመ አሴታልዲሃይድ ሲያመርት፣ ቆሻሻውን ወደ ባሕሩ ይለቅ ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የዓሣ አጥማጆቹ ድመቶች ይንቀጠቀጡ፣ እንደ ጨፋሪ ይሽከረከሩ፣ ራሳቸውንም ወደ ባሕር ይወረውሩ ጀመር። ሰዎች «ጭፈራ» አሉት። በግንቦት 1956 ሕፃናት በተመሳሳይ ሕመም መታመማቸው በይፋ ተገለጠ።

የኩባንያው ሆስፒታል ኃላፊ የነበሩት ሐኪም ሐጂሜ ሆሶካዋ ምክንያቱን ለማወቅ በድመቶች ላይ ሙከራ ያደርጉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1959 የፋብሪካውን ፍሳሽ ከምግቧ ጋር የተመገበችው፣ ቁጥር 400 የተሰጣት ድመት ያንኑ ሕመም ታመመች። ማስረጃው ተገኘ፤ ነገር ግን ኩባንያው ውጤቱ እንዳይነገር አደረገ። የሜርኩሪው ፍሳሽ እስከ 1968 ቀጠለ። በዚህ ዝምታ መካከል፣ እ.ኤ.አ. በ1965፣ በኒጋታ ግዛት ሌላ ፋብሪካ ያስከተለው ተመሳሳይ መርዝ ሰዎችን መጉዳቱ ታወቀ። ሆሶካዋ እ.ኤ.አ. በ1970 ከሕመም አልጋቸው ላይ ሆነው ስለዚያች ድመት መሰከሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1973ም ፍርድ ቤት ኩባንያውን ጥፋተኛ አደረገ። ድመቷ ከመሰከረችበት እስከ ፍርዱ ዐሥራ አራት ዓመት አለፈ።

ሁለተኛው ታሪክ የቅርብ ነው። በምግብ ውስጥ ያለ ፕሮቲን የሚለካው በአብዛኛው በቀጥታ አይደለም። በኮፐንሃገን በካርልስበርግ ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ዮሐን ኬልዳል እ.ኤ.አ. በ1883 ባወጣው ዘዴ የናይትሮጅኑ መጠን ይለካና በ6.25 ይባዛል። ሜላሚን የተባለው፣ የፕላስቲክ ሳህን የሚሠራበት ኬሚካል ደግሞ ከክብደቱ ሁለት ሦስተኛው ናይትሮጅን ነው። ስለዚህ 100 ግራም ሜላሚን በዚህ ስሌት 416 ግራም «ፕሮቲን» ሆኖ ይታያል። ስሌቱ አልዋሸም፤ የዋሸው ሜላሚኑን የጨመረው ሰው ነው።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2007 በሰሜን አሜሪካ ድመቶችና ውሾች ኩላሊታቸው እየተበላሸ በመሞታቸው ከ60 ሚሊዮን በላይ እሽግ ምግብ ከገበያ እንዲሰበሰብ ተደረገ። ከቻይና የተገዛው የስንዴ ፕሮቲን ሜላሚን የተቀላቀለበት ሆኖ ተገኘ። በዐሥራ ስምንት ወር ውስጥ፣ በመስከረም 2008፣ ያው ማታለያ በቻይና በሕፃናት የዱቄት ወተት ውስጥ ተገኘ። 300,000 ያህል ሕፃናት ታመሙ፤ የስድስቱ ሞት በመንግሥት ተረጋገጠ። ድመቶቹ ያስጠነቀቁት በጊዜው ነበር። የእንስሳ ነገር ነው ተብሎ ባይታለፍና ያው ዘዴ በሰው ምግብ ውስጥ ወዲያው ቢፈለግ ኖሮ ስንት ሕፃን በዳነ ነበር የሚለው ጥያቄ ከባድ ነው።

በሌላም ረገድ በደሉ ከድመቷ ሳሕን ባሻገር ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2015 ጋዜጠኞች እንዳጋለጡት፣ ለቤት እንስሳት ምግብ የሚሆን ዓሣ ከሚያጠምዱት የደቡብ ምሥራቅ እስያ ጀልባዎች በአንዳንዶቹ ላይ ሰዎች በግዳጅ ይሠሩ ነበር። ምግቡ ለድመቷ ጤናማ ሆኖ ሳለ የሰው ነፃነት ዋጋ የተከፈለበት ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ከዚህ የተነሣ ጥራትና ሥነ ምግባር አንድ ነገር አይደሉም፤ ግን ሁለቱም የሚጠፉት በአንድ መንገድ፣ ምንጩን በመሸሸግ ነው።

ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ሲመለሱ

ይህ ሁሉ ለሐዋሳ ምን ይነግራል? የሐዋሳ ሐይቅ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ ጥቁር ውሃ የተባለው ወንዝ የሚገባበት፣ ነገር ግን በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የሌለው ሐይቅ ነው። የገባበት ሁሉ ከውስጡ ይቀራል። በሐይቁ ውስጥ ከሚጠመዱት ዓሣዎች ቆሮሶና አምባዛ በገበያ የታወቁ ናቸው፤ ባርበስ የተባለውም ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ የታተሙ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ በአንዳንድ ትላልቅ ባርበሶች ውስጥ ያለው ሜርኩሪ በኪሎ ግራም ከ0.5 ሚሊ ግራም ያለፈ ሲሆን፣ በቆሮሶ ውስጥ ግን ዝቅተኛ ነው። ማብራሪያውም ትልቁ ባርበስ ሌሎች ዓሣዎችን ስለሚበላ መርዙ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ በእርሱ ውስጥ መከማቸቱ ነው። ይህ ማለት የሐዋሳ ነገር እንደ ሚናማታ ነው ማለት አይደለም፤ የድመቶቹ ሕመምም አልተነገረም። ነገር ግን መውጫ በሌለው ሐይቅ ዳር ለተሠራች፣ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርክ ለተመረቀባት ከተማ የሚናማታ ታሪክ የሩቅ አገር ወሬ ሊሆን አይገባም። ፓርኩ የተጠቀመበትን ውሃ አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀምበትና ፍሳሽ ወደ ውጭ እንዳይለቅ ታስቦ መሠራቱ ትልቅ ቁም ነገር ነው። የቀረው፣ በየዕለቱ እንደ ታሰበው መሥራቱን በታማኝነት መለካትና የተለካውን መግለጥ ነው።

የተራቡ ሰዎች ባሉበት አገር በውጭ ምንዛሪ የድመት ምግብ ማስገባት ተገቢ ነውን የሚል ጥያቄም ይነሣል። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። ነገር ግን መልሱ ድመቷን ማስራብ አይደለም። ከ100 ኪሎ ግራም ቆሮሶ ለሰው ምግብ የሚሆነው አጥንት የሌለው ሥጋ ከ35 ኪሎ ግራም ብዙም አይበልጥም፤ የቀረው ጭንቅላት፣ አጥንት፣ ቆዳና አንጀት ነው። በጾም ወራት የዓሣ ፍላጎት ሲጨምር ትራፊውም ይጨምራል። ይህ ትራፊ በዳርቻው ከሚበሰብስ ይልቅ በሚገባ ቢበስል፣ አጥንቱ ቢለይ ወይም ቢፈጭ፣ ከትላልቅ ባርበሶች የመጣው ተለይቶ ቢወገድ፣ ያለ ውጭ ምንዛሪ ለድመት የሚሆን ምግብ ይገኝበታል። እርግጥ ነው፣ ዓሣ ብቻውን የተሟላ ምግብ አይደለም፤ በተለይ ቪታሚን ኢ ሳይጨመርበት የዓሣ ስብ ብዙ የበላች ድመት በቆዳዋ ሥር ያለው ስብ ይቆስልባታል። ስለዚህ ሌላ ሥጋና አደን ሊታከልበት ያስፈልጋል።

ከመደብር የሚገዛውም ሰው ቢሆን አቅም የለሽ አይደለም። በመጀመሪያ፣ «የተሟላና የተመጣጠነ» የሚለው ቃል መኖሩን፣ ይህም በስሌት ብቻ ወይስ ድመቶች ተመግበውት በተደረገ ሙከራ እንደ ተረጋገጠ ማንበብ ይገባዋል። ሁለተኛ፣ የቆርቆሮውንና የከረጢቱን ቁጥር እንዳለ ማወዳደር የለበትም። 78 ከመቶ ውሃ የሆነ ቆርቆሮ 10 ከመቶ ፕሮቲን ቢኖረው፣ ውሃው ሲነሣ ፕሮቲኑ 45 ከመቶ ይሆናል። 10 ከመቶ ውሃ ያለው ደረቅ ምግብ ግን 32 ከመቶ ተብሎ ቢጻፍበትም ውሃው ሲነሣ 36 ከመቶ ያህል ብቻ ነው። ሦስተኛ፣ «ሥጋ» ከሚል ደፈናዊ ቃል ይልቅ የእንስሳውን ዓይነትና የዓሣውን ምንጭ በስም የሚገልጥ አምራች ሊመረጥ ይገባል። ስሙን የጻፈ ሰው ቢያጠፋ ይጠየቃልና።

ይሁን እንጂ የገዢው ጥንቃቄ ድንበር አለው። ሜላሚኑ በእሽጉ ላይ አልተጻፈም፤ ቁጥር 400 ድመትም በማስታወቂያ አልወጣችም። እነዚህን የሚያውቀው በፋብሪካው ውስጥ የቆመው ባለሙያ ነው። ቺሶ ዝም ባለባቸው ዓመታት የፍሳሹን ቧንቧ የዘረጉ፣ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሱ፣ ቁጥሩን የሚመዘግቡ የተማሩ ሰዎች ነበሩ። የሙያ ማኅበር ዋና ጥቅሙም በእንዲህ ያለ ጊዜ ያየውን ሊናገር የሚሻ አባል ብቻውን እንዳይቀር ማድረግ ነው።

ድመት ብትመነኩስም አመሏን አትረሳም፤ የፈጠራት ተፈጥሮ እንዲህ አድርጓታልና አትወቀስም። በአሞራ ገደል ዳርቻ ዛሬም ከመብላቷ በፊት ታሸትታለች። የታሸገውን ምግብ ግን በእርሷ ፋንታ የሚያሸት ሰው ነው። ስለዚህ መመርመር የሚገባው ሳይመረምር ቢቀር፣ መርምሮም የሚያውቀውን ቢደብቅ፣ የተጓደለው የድመት ቀለብ ብቻ አይደለም፤ ነገ በዚያው መለኪያ ተሰፍሮ በሕፃን ጽዋ የሚቀርበው ምግብም ጭምር ነው።